ችሎት በቱቦው አፍ

በእስራኤል አገር፣ በቤር ሸቫ ከተማ፣ ሽኩና ቤት በሚሉት ሰፈር፣ አሥራ ሁለት አባወራ የሚኖርበት አንድ አሮጌ የመንግሥት ሕንጻ ነበረ። ግድግዳው የተላላጠ፣ የመስኮቱ መከለያ የተንጋደደ ስለ ነበር ከሩቅ ላየው ባለቤት የሌለው ቤት ይመስላል። ከደረጃው የደረሰ ሰው ግን ጫማውን አውልቆ መውጣት ያምረው ነበር፤ እንዲያ ያበራ ነበርና። ያንን ደረጃ የሚያጥቡት ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ የሻሽወርቅ ናቸው። የእሱን ብቻም አይደለም፤ በዚያው መንገድ ላይ የተሰለፉትን የሦስት ሕንጻዎች ደረጃ ጨምረው ነው።

ዕድሜያቸው ስድሳ አንድ ይባላል። ይባላል ማለት ጎንደር ላይ አንዱ ጸሐፊ፣ እዚህ ሲደርሱ ሌላው ጸሐፊ በየግምቱ ስለ ጻፈላቸው ነው። ሲጠየቁ «ለጡረታ ሲሆን ትልቁን፣ ለሥራ ሲሆን ትንሹን ያዙልኝ» ይላሉ። በክርስትና ያደጉ የቤተ እስራኤል ዘር ናቸው። ጎንደር ከተማ ላይ ስድስት ዓመት ተራ ጠብቀው በፈረንጆቹ 2000 መጡ፤ ወደ አያቶቻቸው ሃይማኖት ለመመለስ የሚሰጠውን ትምህርት ጨረሱ፤ ከዚያም ባልዲና መወልወያ ያዙ። ቁመታቸው አጭር ነው። ድምፃቸው ግን ከምድር ቤት ተነሥቶ አራተኛ ፎቅ ሳይደክመው ይደርሳል።

አባታቸው ክንዴ በጭልጋ በኩል ባለች አንዲት መንደር የውሃ አባት ነበሩ። መንደሪቱ ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ የምትኖር ነበረችና፣ ማን በየትኛው ቀን ውሃውን ወደ ማሳው እንደሚመልስ የሚወስን፣ የተናደ ቦይ የሚያስጠግን፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ አንድ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ያ ሰው የውሃ አባት ይባላል። ማኅተም የለው፣ ወንበር የለው፤ ያለው ዱላውና ቃሉ ነው። የሻሽወርቅ በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ እየተከተሉ ቦይ ሲጠርጉ ስላደጉ፣ ውሃ በየት እንደሚሄድ በእግራቸው ያውቁ ነበር። «ውሃ ሲሮጥ ሌባ ነው፤ ሲራመድ እንግዳ፤ ሲቀመጥ ግን ዘመድ ነው» ይሏቸው ነበር ክንዴ።

እንግዲህ የኚህ ሰው ልጅ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ደረጃ ያጠቡበትን ውሃ መንገድ ዳር ካለው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሲደፉ ኖሩ። አሠሪው ያሳያቸው እንደዚያ ነበር። እሳቸውም፣ እንደሳቸው የመጡትም ሁሉ፣ በዚህ አገር ከብረት በታች የገባ ቆሻሻን መንግሥት ወስዶ በማሽን የሚያጥበው መስሏቸው ነበር። ተራራ የሚበሳ፣ ሰው በሰማይ የሚያጓጉዝ መንግሥት ይህችን ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠርጥር? ጎረቤታቸው ሙሉእመቤት የተቃጠለ የወጥ ዘይቷን እዚያው ትደፋለች። የሁለተኛ ፎቁ አቶ ሸዋርካብ የሚኒባሱን ዘይት ሲቀይር አሮጌውን እዚያው ያወርዳል። ብረቱም ዝም ብሎ ይውጣል።

በፈረንጆቹ 2006 መጋቢት፣ በብርድ ወራት የሚገባው የዚያ አገር ክረምት የመጨረሻ ዝናብ በወረደ ማግስት፣ እማማ የሻሽወርቅና ሙሉእመቤት ለስፌት የሚሆን ሣር ፍለጋ ከከተማው በታች ወዳለው ሸለቆ ወረዱ። ሸለቆው በጋውን ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሲዘንብ ይሞላል። ሣር እያጨዱ ሲሄዱ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ የሲሚንቶ ቱቦ አፉን ከፍቶ አገኙ። ከሥሩ ውሃ ተጠራቅሟል። ላዩ ላይ የዘይት ቀለም እንደ ርግብ አንገት ይለዋወጣል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ነጭ አረፋ ይዟል። ወዲያ ማዶ አንዲት የበደዊን ሴት ፍየሎቿ እንዳይጠጡት በጠጠር እየወረወረች ትመልሳለች።

እማማ የሻሽወርቅ ቆሙ። አሸተቱ። አሁንም አሸተቱ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች ሙሉእመቤት።

«የኔ ሳሙና ነው።»

«እንዴት ያለ ሳሙና?»

«ሐምራዊው። የደረጃው። አምስት ዓመት ከእጄ ላይ ያልለቀቀኝን ሽታ አላውቀውም ብለሽ ነው?»

ከቱቦው አጠገብ አንድ ወጣት ተንበርክኮ በጠርሙስ ውሃ ይቀዳ ነበር። ናዳቭ ይባላል፤ እዚሁ የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስለ ወንዞች የሚከራከር አንድ ማኅበር አባል ነው። አማርኛ ይሰማል፤ አፉ ግን የሚመልሰው በዕብራይስጥ ነው። ከ«እማማ» በቀር።

«ይሄ ከየት ነው የሚመጣው ልጄ?» አሉት።

ካርታ ዘረጋላቸው። ሰማያዊውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ወጣ፤ በአሮጌው ከተማ አለፈ፤ ጣቱ መጥቶ የቆመው እሳቸው መንገድ ላይ ነው።

«ታዲያ ማሽኑስ የት ነው? የሚያጥበው?»

«የሽንት ቤቱ ነው ወደ ማጣሪያ የሚሄደው እማማ» አለ በዕብራይስጥ። «የመንገዱ ፍርግርግ ለዝናብ ብቻ የተሠራ ነው። ማንም አያጣራውም። የገባው ሁሉ እንደገባ እዚህ ይወጣል።»

ሙሉእመቤት ሣሯን ጣለች። «እግዚኦ! የኔ ዘይትም?»

እማማ የሻሽወርቅ ከማዶ ያለችውን ባለ ፍየል ይመለከቱ ነበር። በአባታቸው መንደር የታችኛውን ሰው ውሃ ያደፈረሰ ከሰው አይቆጠርም ነበር።

በነጋታው አራቱን ደረጃ አጠቡ፤ ውሃውን ግን ከፍርግርጉ አልደፉም። እያንዳንዱን ባልዲ ተሸክመው ወደ ቤታቸው እየገቡ ከሽንት ቤታቸው ይጨምሩት ጀመር። በሦስተኛው ቀን የጽዳት ሥራው ተቆጣጣሪ፣ ኢዳን የሚባል ችኩል ሰው፣ መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«የሻሽ! ምንድን ነው ይሄ ወዲያና ወዲህ? በዚህ ዓይነት ሌሊቱን ልታድሪ ነው?»

«እግሩ የኔ፤ አንተን ምን አደከመህ?»

«ፍርግርጉ እዚያው አጠገብሽ!»

«ፍርግርጉ አፍ ነው ኢዳን። አፍ ውስጥ አልደፋም። ካልተመቸህ ባልዲው ያውልህ፤ አንሣው።»

ኢዳን ባልዲውን አየው፤ ደረጃውን አየው። እንዲህ የሚያበራ ሌላ ሰው ከየት ያመጣል? መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አቶ ሸዋርካብ ወረቀት ይዞ በየበሩ መዞር ጀመረ። ሸዋርካብ ቫአድ የሚሉት የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። አርማጭሆ ተወልዶ፣ የሱዳንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት የመጣ፣ ዕብራይስጡ የሰላ፣ ሚኒባሱ የራሱ የሆነ፣ አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከሕንጻው ጀርባ ያለው ጓሮ ይነጠፍ የሚል ነበር፦ ጠቅላላው አስፋልት ይሁን፣ የመኪና ማቆሚያ ይሁን፣ የጣሪያውና የግቢው ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ተሰብስቦ በቀጥታ ወደ መንገዱ ፍርግርግ ይግባ።

ለእማማ የሻሽወርቅ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነበር። ጓሮው ወደ እሳቸው በር ያዘነበለ ነውና በየክረምቱ ጎርፍ ምንጣፋቸውን ያርስ ነበር። አሥር አባወራ ፈርሟል። ሸዋርካብ ወረቀቱን ሲዘረጋላቸው የሚያመሰግኑት መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር።

«አልፈርምም» አሉ።

«እማማ፣ ቤትዎ እኮ ነው የሚደርቀው!»

«የኔ ቤት ደርቆ ቆሻሻው በሰው ላይ ሊሮጥ? መሬቱን በአስፋልት ከደፈንኸው ውሃው የት ይቀመጣል? ዘይትህን፣ የቆሻሻ ገንዳውን እድፍ፣ ሁሉን አዝሎ ከዚያ ቱቦ ነው የሚወጣው። አፈሩ ይጠጣው። ጉድጓድ እንቆፍርለትና አፈሩ ይጠጣው።»

«አፈር ይጠጣው!» ሸዋርካብ ሳቀ። «እኛ ይህችን አገር ሃያ ዓመት ስናውቃት አንቱ ገና ትናንት መጥተው…»

«ከፊት ከወጣ ጆሮ ከኋላ የወጣ ቀንድ ሲበልጥ አላየህም?»

«ቀንድ ይወጋል እንጂ መኪና አያቆምም።» ወረቀቱን አጠፈ። «ቢፈርሙም ባይፈርሙም ክረምቱ ሳይገባ ይነጠፋል።»

እማማ የሻሽወርቅ ለናዳቭ አስደወሉ። ናዳቭም ከሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ፤ በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕል አዘጋጀ፤ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተሞላ ዳቦ ገዝቶ ደረደረ። ከአሥራ ሁለቱ አባወራ አራት ሰው መጣ። ከአራቱ ሁለቱ ቡሬካሱን በልተው ሄዱ፤ አንዱ አንቀላፋ። የቀሩት እማማ የሻሽወርቅ ናቸው።

ናዳቭ ሽቦውን እየጠቀለለ «ሰው ደንታ የለውም እማማ» አለ።

«ደንታማ አለው። አንተ ግን ከላይ ሆነህ ነው የጠራኸው» አሉት። «ውሃ ከላይ አይዳኝም ልጄ። በኛ አገር ሰው በውሃ ሲካሰስ ከከሳሽም ደጅ፣ ከዳኛም ደጅ አይቆምም፤ ወርዶ ወርዶ ቦዩ ከሚያልቅበት፣ ከመጨረሻው ሰው ማሳ ነው የሚቆመው። እዚያ ተከሳሹ በእፍኙ ይቀዳል። ንጹሕ ነኝ ካለ ይጠጣል። ካልጠጣ አለቀ፤ ምስክር አያስፈልግም።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ሸዋርካብ ከሥራ ሲመለስ ከደጁ ላይ ሥሩ ያልደረቀ እርጥብ ሣር ተቀምጦ አገኘ። ልጁ «ቆሻሻ» ብሎ ሊያነሣው ሲል ጮኸበት። በነሱ በኩል በውሃ የተከሰሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት ውሃው ከሚያልቅበት እንዲቆም የሚጠራው በእርጥብ ሣር ነበርና፣ እሱም ከልጅነቱ ያውቀዋል። የተጠራ የቀረ እንደሆነ ሠርጉንም ለቅሶውንም ማንም አይደርስለትም። ሃያ ሁለት ዓመት ረስቶት የነበረ ነገር እግሩ ሥር መጥቶ ተጋደመ።

ዓርብ ጠዋት ከቱቦው አፍ ሃያ የሚያህል ሰው ቆመ። የሦስተኛ ፎቁ ሩሲያዊ ሽማግሌ ሳይቀር ነገሩ ሳይገባው ባርኔጣውን አድርጎ መጥቷል። ሸዋርካብም የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ መጣ።

«በሉ እንግዲህ ክሰሱኝ!» አለ ገና ሳይደርስ። «ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነን ያለነው፤ እኔ ግን በሣር ተጠራሁ!»

«ቀስ በል፤ ተራህ ይደርሳል» አሉት እማማ የሻሽወርቅ። «መጀመሪያ ተከሳሽ እኔ ነኝ።»

ተንበርክከው ከኩሬው በእፍኛቸው ቀዱ። ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ አሸተቱት፤ መልሰው ደፉት።

«አልጠጣውም። አምስት ዓመት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ የአራት ቤት ሳሙና እዚህ አፍስሻለሁ። የክንዴ ልጅ ሆኜ! አባቴ ቢሰማ በዚያች ዱላ አናቴን ነበር የሚላት። ጥፋተኛ ነኝ። ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ አልደፋም።» ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ። «አሁን ና።»

ሸዋርካብ ሳቅ ሊል ሞከረ። የሳቀለት ሰው ግን የለም። ሚስቱ እንኳ መሬት መሬት ታያለች። ጎንበስ ብሎ ቀዳ። ውሃው በጣቶቹ መካከል ሾልኮ አለቀ፤ ዘይቱ ግን መዳፉ ላይ ቀረ። በሱሪው ጠረገው፤ ሱሪው ጠቆረ እንጂ እጁ አልነጻም።

«እኛ መንደር» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ወንዝ ውስጥ የተፋ ልጅ ራት አይሰጠውም ነበር።»

«እና?» አለች ሙሉእመቤት።

«እናማ ዘይቱን አልደፋም። ለሚሰበስቡት እወስዳለሁ። ግን!» ቀና አለ። «ዘይት ሌላ፣ ጓሮ ሌላ። ጓሮው ይነጠፋል።»

«ጓሮው ውሃውን ከጠጣውስ?» አሉ እማማ የሻሽወርቅ።

«አይጠጣማ!»

«ከጠጣውስ?»

ሸዋርካብ ሰዉን ዞር ብሎ አየ። «እሺ። አንድ ዝናብ። የመጀመሪያውን ትልቅ ዝናብ ጓሮው ይጠጣ። በዘነበበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ከጉድጓዱ ካለቀ ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ጠብታ ከቀረች ግን አንቱ ራስዎ ይፈርማሉ።»

«እፈርማለሁ። የክንዴ ቃል ነው።»

ናዳቭ ሥዕሉን ሠራላቸው። ከጓሮው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሰፊ ጎድጓዳ ይቆፈራል፤ ከላዩ ጠጠር ይነጠፋል፤ ዙሪያውን ዝናብ ሲመጣ የሚጠጣ በጋውን የሚታገሥ ተክል ይተከላል፤ የጣሪያው አሸንዳ ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ከአይሁድ የመኸር በዓላት በኋላ ቀን ተቆረጠ። ሰዉም እንደ አገሩ ወግ በወንፈል ወጣ፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ ተባብሎ። ከጎረቤት ሕንጻዎች ሳይቀር ዶማና አካፋ ተይዞ ተመጣ። ሩሲያዊው ሽማግሌ አሸንዳውን ቆርጦ አዞረ። ናዳቭ ግን ከሁለት ቀን በፊት ለተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ተጠርቶ ሄዶ ነበር።

እማማ የሻሽወርቅ ዱላቸውን ይዘው ከጫፍ ቆመው አሠሩ። «ወገቡን አስፉ! እዚያ ጋ ቁልቁል እንዳይሮጥ! ልጆች፣ ድንጋዩን ለቅማችሁ ጣሉ!» ጎድጓዳው ባማረ ቅርጽ ወጣ። ከዚያ አዛውንቱ ሁሉ የሚያውቁትን አደረጉ። ሥሩን ውሃ እያርከፈከፉ፣ እየዘፈኑ፣ በእግራቸው ደበደቡት፤ ልክ እንደ አውድማ፣ ልክ በአገራቸው የከብት ኩሬ ሲሠራ እንደሚደረገው። የጓሮው ለስላሳ ብናኝ አፈር ተጠቅጥቆ እንደ ሸክላ ጠፍጣፋ ሆነ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አደነቀው፤ ጠጠሩንም አለበሰው። ውሃ የሚቀመጥበት ነገር ሲሠራ ሥሩን መደብደብ ለነሱ እንደ መተንፈስ ነበርና፣ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ማክሰኞ ሲነጋጋ ዝናቡ መጣ። ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ሰማዩ የተከፈለ ይመስል ነበር። አሸንዳው ጮኸ፤ ጓሮው አበጠ፤ ውሃው እንደታሰበው ተራምዶ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ። እማማ የሻሽወርቅ ከበራቸው ላይ ቆመው «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» ይሉት ነበር። ወደ እኩለ ቀን ዝናቡ አባራ። ጎድጓዳው ግን እስከ አፉ ሞልቶ ቁጭ አለ። አንድ ሰዓት ጠበቁ። አልጎደለም። ከጣሪያው የቀረው ሲወርድ ይባስ ብሎ ፈሰሰና ወደ እሳቸው በር መሳብ ጀመረ።

ሸዋርካብ ከሰገነቱ ላይ ተደግፎ ያያል። «እማማ! ዳክዬ ልግዛልዎ?»

«ለራትህ ግዛ!»

ውሃው የበራቸውን ደፍ አለፈ። ያን ጊዜ ሸዋርካብ ቀልዱን ትቶ በሩጫ ወረደ። ከጎድጓዳው ዳርቻና ከመንገዱ መካከል ያለው አንድ ክንድ የአፈር ክምር ብቻ ነው። «ይሄንን ይቁረጡት! ወደ ፍርግርጉ ይሂድ! ቤትዎ እኮ ገባ!»

«አልቆርጥም።»

«እኔ ልቁረጠው!»

«አካፋህን ብታነሣ በዚች ዱላ እግርህን!» ወደ ቤት ገብተው ምንጣፉን ጠቀለሉ፤ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ጫኑ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመልሰው ወጡ። «እኔ ቤት ይደር እንጂ ከዚያ ቱቦ አይወጣም።»

ከዚያ ውሃው ውስጥ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ደረሳቸው። ዱላቸውን ወደ ታች ሲሰዱት፣ ጠጠሩን አልፎ ከሥሩ ጠቅ ብሎ ነጠረ። እንደገና ወጉት። እንደገና ነጠረ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሙሉ! ሙሉእመቤት!» ብለው ጮኹ። «እኛ ነን! እኛው ነን የደፈንነው! ይጠጣል ብለን ቆፍረን ጎታ ሠራንለት እኮ! በእግራችን ጨፍረን አተምነው! ዲጂኖ አምጪ!»

ሙሉእመቤት መጣች፤ ዲጂኖ ይዛ ገባች፤ ከብርዱ የተነሣ «ወይ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ሁለቱ አሮጊቶች በዚያ ቅዝቃዜ ውሃው ውስጥ ቆመው የራሳቸውን አውድማ ይወጉ ጀመር። ከየበሩ ሌሎቹ ወጡ። ሩሲያዊው ሽማግሌ የብረት ዘንግ ይዞ እስከ ባርኔጣው ተረጨ። ማንም ያዘዘ፣ ማንም የተማከረ የለም። አንድ ቦታ ላይ ብረቱ ጠቅታውን ትቶ «ሹብ» ብሎ ገባ፤ ከገባበትም አረፋ ወጣ፤ ውሃው ትንሽ ዞር አለ።

«ዋጠ!» አለች ሙሉእመቤት። «ኧረ ዋጠ!»

ሲወጉ ዋሉ። ውሃው ከጉልበት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ከእማማ የሻሽወርቅ ቤት የገባውም እያፈገፈገ ተመልሶ መጣ። የክረምት ፀሐይ ግን አትጠብቅም። ከሦስት ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ከሕንጻዎቹ በስተኋላ ስትጠልቅ፣ ሁሉም ጭቃ ሆኖ በጎድጓዳው ዙሪያ ቆመ። ሸዋርካብ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ወደ ታች አየ። ከታችኛው ጥግ አንድ ትሪ የምታህል ውሃ ትታየዋለች። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለቱን አሮጊቶች አየ፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«መሽቷል መሰለኝ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ዓይኔም ደክሟል። ውሃ የሚባል አይታየኝም።»

ሰዉ እፎይ ሊል ሲል እማማ የሻሽወርቅ ዱላቸውን መሬት መቱ።

«በምጽዋት አልወስደውም! ዓይንህ ከደከመ ሚኒባስህን አዙርና መብራቱን አብራ።»

«እማማ፣ ተዉት እንጂ…»

«አብራ አልሁህ!»

ሸዋርካብ ሄዶ መኪናውን አዞረና አበራ። ብርሃኑ ጎድጓዳው ውስጥ ሲወድቅ ውሃዋ ከጠጠሩ መካከል ወለል ብላ ታየች።

«አለች» አሉ እማማ የሻሽወርቅ። «አንድ ጠብታ ብለህ ነበር፤ ይቺ ሺህ ናት። ተሸንፌአለሁ። ብዕር አምጣ።»

ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግተው፣ ጭቃ በነካው ጣታቸው፣ ፊደሉን እንደ ዘር አንድ በአንድ እየጣሉ «የሻሽወርቅ ክንዴ» ብለው ፈረሙ። ብዕሩን ሊመልሱለት ሲሉ ሙሉእመቤት ከእጃቸው ነጠቀችው።

«የኔ ስም የት ነው ያለው?»

«አራተኛ መስመር ላይ» አለ ሸዋርካብ። «ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜ ነበር።» መስመሩን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ውስጥ ቆሜ ሲውጥ አይቼዋለሁ። በአስፋልት የሚደፍነውን እኔ እጁን እቆርጠዋለሁ።»

ሩሲያዊው ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ብዕሩን ጠየቀ። ቀጥሎ የአራተኛ ፎቆቹ ባልና ሚስት መጡ። ቀጥሎ ሌላው፤ እንዲህ እያለ ሁሉም ስሙን ሰረዘ። የሸዋርካብ ሚስት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ቆማ ሳትወርድ «የቤተሰቡን ስም እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ እኔ ልሰርዘው ወይስ አንተ?» አለችው። ሸዋርካብ ወረቀቱን ከመብራቱ ፊት ይዞ ቆጠረ፤ ዞሮ እንደገና ቆጠረ።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ሳቅም ልቅሶም አይመስልም። «ሚስቴን እንዳልሰማኋት ከቆጠርነው፣ አስፋልት የምንፈልግ አንቱና እኔ ብቻ ቀረን።»

«እንግዲያው አብረን ተሸንፈናል» አሉ እማማ የሻሽወርቅ፣ ቀሚሳቸውን እየጠመዘዙ። «በል መብራቱን አጥፋና መኪናህን ከጓሮዬ አውጣ።»